ኤሌክትሪክም በሚዛን ይሸጥ

ሻጭና ገዢ ሳይተዋወቁ ሊተማመኑ የሚችሉት በሚዛን ነው። የባሌ ስንዴና ገብስ በኩንታል፣ የሐረና ቡናና ማር በኪሎ፣ ዘይትና ነዳጅ በሊትር፣ አቡጀዲ በሜትር ይሸጣል። በሮቤ ገበያ ውስጥ የአንድ ነጋዴ ሚዛን ሐሰተኛ ነው የተባለ እንደ ሆነ፣ ሰውየው ሱቁ ቢቀርለት እንኳ ስሙ አይቀርለትም። ዳሩ ግን በሮቤና በጎባ ሱቆች በየቀኑ እየተሸጠና እየተገዛ ሳለ፣ ከሻጩም ከገዢውም ወገን ማንም ሳይመዝነው የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። እርሱም የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚወስደው ኃይል ነው።

አንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊገዙ ወደ አንድ ሱቅ ገቡ እንበል። ዋጋውን ተከራክረው ከተስማሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይህ ምጣድ ስንት ይበላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለ ሱቁም፣ «እሱን እንግዲህ ቆጣሪው ይነግርዎታል፣ እማማ» ብሎ ይመልስላቸዋል። ባለ ሱቁ ይህን ሲል ክፋት አስቦ አይደለም። ምን ያህል እንደሚበላ እርሱ ራሱ አያውቅም፤ አከፋፋዩ አልነገረውም፤ አስመጪውም በዕቃው ላይ አላስጻፈበትም። ስለዚህ እኒያ እናት ምጣዱን የገዙት አንድ ጊዜ ቢሆንም፣ ዋጋውን ግን ምጣዱ እስኪሰበር ድረስ በየወሩ ሲከፍሉ ይኖራሉ። የመጀመሪያው ዋጋ በክርክር የተቆረጠ ነው፤ ሁለተኛውን ዋጋ ግን ማንም አልተከራከረበትም።

ይህ አሠራር መለወጥ አለበት። ለመለወጥም ትልቅ ገንዘብ ወይም አዲስ ሕግ ከመጠበቅ በፊት፣ የንግድ ሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ምን እንደ ሆነና ወደ ምን እንደሚለወጥ አጥርቶ ማወቁ ይበቃል።

ኤሌክትሪክ እንደ ስንዴ ከመሬት አይታጨድም፤ እንደ ነዳጅም ከጕድጓድ አይቀዳም። ሌላ ኃይል ተለውጦ የሚገኝ፣ በሽቦ ላይ ሩቅ መንገድ የሚሄድ፣ ከደረሰበት ቦታ ደግሞ እንደ ገና ወደ ሌላ ኃይል የሚለወጥ ነው። የባሌ ሰው ይህን ለመረዳት ወደ ሌላ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በባሌ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ ሰሜን ወርዶ የዋቢ ሸበሌን ወንዝ ይመግባል። ከሮቤ በስተምዕራብ፣ በአዳባ አካባቢ፣ የመልካ ዋከና ግድብ ይህን ውኃ ያቆመዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ሥራ የጀመረው ይህ ማመንጫ፣ አራት ተርባይኖች ያሉት ሲሆን ጠቅላላ ጕልበቱ 153 ሜጋዋት ነው። በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ማመንጫ 43.2 ሜጋዋት መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ የመልካ ዋከና መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ይገለጥለታል።

ውኃው ከላይ ቆሞ ሳለ ኃይሉ ከፍታው ነው። በቧንቧ ወደ ታች 300 ሜትር ያህል ሲወርድ ከፍታው ወደ ፍጥነት ይለወጣል፤ ፍጥነቱ ተርባይኑን ሲመታ ወደ መሽከርከር ይለወጣል፤ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን ሲያዞር መሽከርከሩ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀሱ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ የዛሬዎቹ ታላላቅ ጄኔሬተሮችም የሚሠሩት በዚሁ መሠረት ነው። ከዚያ ትራንስፎርመር ቮልቱን ከፍ አድርጎ በረጅሙ መስመር ይልከዋል፤ በከተማው ዳር ያለውም ትራንስፎርመር መልሶ ዝቅ አድርጎ በ220 ቮልት ለየሱቁ ያድለዋል።

ቮልቱ ከፍ የሚደረግበት ምክንያት ለነጋዴ ቀላል ነው፤ የመንገድ ኪሣራን ለመቀነስ ነው። ሽቦ የሚግለው በውስጡ በሚያልፈው ከረንት ልክ ሳይሆን ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው። ቮልቱ አሥር ጊዜ ከፍ ቢል ከረንቱ በአሥር ያንሳል፤ በመንገድ ላይ በሙቀት የሚጠፋው ኃይል ግን በመቶ ያንሳል።

የዋቢ ውኃ ብቻውን አይደለም። በባሌና በጉጂ መካከል በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራው ገናሌ ዳዋ ሦስት፣ 254 ሜጋዋት የማመንጨት ጕልበት ይዞ ጥር 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመርቋል። በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት እንደሚያመነጭ ተነግሯል። እነዚህ ሁሉ ኃይላቸውን የሚያፈሱት በአንድ የተያያዘ መስመር ውስጥ ስለ ሆነ፣ በጎባ የሚበራ አምፑል የዋቢን ውኃ ይብላ የዓባይን ለይቶ መናገር አይቻልም። እህሉ ከብዙ አውድማ መጥቶ በአንድ ጎተራ እንደ ተቀላቀለ ሁሉ፣ ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕግ እንምጣ። ኃይል አይፈጠርም፤ አይጠፋምም፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል። ይህን ሕግ በሚዛን ካረጋገጡት ሰዎች ዋነኛው ጄምስ ጁል መሆኑን፣ እርሱም ጠማቂ ነጋዴ እንደ ነበረ የንግድ ሰው ቢያውቅ ደስ ይለዋል። በ1818 በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር አጠገብ በሳልፎርድ የተወለደው ጁል፣ የቤተሰቡ ሥራ ቢራ መጥመቅ ነበር። በወጣትነቱ የመረመረው ነገርም የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ የእንፋሎቱን ሞተር አስወግዶ አዲስ በወጣው የኤሌክትሪክ ሞተር ቢተካው ያዋጣ እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። መርምሮም በዚያ ዘመን እንደማያዋጣ አገኘ፤ ምክንያቱም ባትሪው የሚበላው ዚንክ ከድንጋይ ከሰል ይልቅ በጣም ይወደድ ነበር። ጁል በዚህ አላቆመም። በ1840ዎቹ ዓመታት ክብደት ያለው ነገር ከላይ ወደ ታች እየወረደ በውኃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያዞር አደረገ፤ ውኃውም በመበጥበጡ ምን ያህል እንደ ሞቀ በጥንቃቄ ለካ። በዚህም የከፍታ፣ የእንቅስቃሴና የሙቀት ምንዛሪ ታወቀ። ዛሬ የኃይል መለኪያው በስሙ «ጁል» ይባላል።

የጁልን ምንዛሪ ወደ መልካ ዋከና ብንወስደው አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። አንድ ሊትር ውኃ 300 ሜትር ወርዶ፣ ያገኘው ኃይል በሙሉ ራሱን እንዲያሞቅ ቢደረግ፣ የሚሞቀው ከአንድ ዲግሪ ባነሰ፣ ይኸውም 0.7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በሮቤ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የጧቱ ውኃ 15 ዲግሪ ነው ብንል፣ እስኪፈላ ድረስ 76 ዲግሪ ያህል መሞቅ አለበት። ስለዚህ አንድ ሊትር ውኃ በሮቤ በኤሌክትሪክ ለማፍላት፣ በመልካ ዋከና ከ100 ሊትር በላይ ውኃ 300 ሜትር ቁልቁል መውረድ ይኖርበታል፤ በየደረጃው የሚባክነው ሲጨመርበት ደግሞ ከዚህም ይበዛል። ለአንድ ጀበና ቡና ውኃ የሚያፈላ ሰው፣ አንድ ትንሽ ወንዝ ወደ ገደል እንደሚያወርድ አያውቀውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሙቀት ከኃይል መልኮች ሁሉ ከባዱና ብዙ የሚበላው መሆኑን ነው። ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ በቆጣሪው ቋንቋ መናገር ያስፈልጋል።

ዋት ማለት ኃይል የሚፈስበት ፍጥነት ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ግን የፈሰሰው ጠቅላላ መጠን ነው። የቧንቧው ስፋትና በእንስራው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ እንደማይመሳሰሉ ሁሉ፣ እነዚህም ሁለቱ አንድ አይደሉም። 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በላ ይባላል፤ ቆጣሪው የሚቈጥረውም፣ ደረሰኙ የሚያስከፍለውም ይህንኑ ነው። ይህች አንዲት ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ናት።

ይህች አንዲት ኪሎዋት ሰዓት ምን ትሠራለች? ጎባ ከሮቤ በ250 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የመንገዱ ሰበቃና የሞተሩ ኪሣራ ባይቈጠር፣ አንዲት ኪሎዋት ሰዓት 15 ኩንታል ስንዴ ከሮቤ ከፍታ ወደ ጎባ ከፍታ ታነሣለች። ይህችው ኪሎዋት ሰዓት 10 ዋት የሚወስድ አምፑል መቶ ሰዓት ታበራለች። ወደ ሙቀት የተለወጠች እንደ ሆነ ግን፣ የምታፈላው ውኃ 11 ሊትር ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ 15 ኩንታል ወደ ዳገት ማንሣትና አንድ መካከለኛ ድስት ውኃ ማፍላት በቆጣሪው ዘንድ እኩል ናቸው።

እኒያ እናት የገዙት ምጣድ እንግዲህ በዚህ ሚዛን ይታይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3.5 ኪሎዋት የሚወስደው ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይህም 105 ኩንታል እህል ከሮቤ ወደ ጎባ ከፍታ ከማንሣት ጋር እኩል ነው፤ ከአንድ አይሱዙ ጭነት ይበልጣል። ለቤት ፍጆታ የሚከፈለው ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በበዛ ቁጥር በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ አንድ ከባድ ዕቃ የሌሎቹንም ሒሳብ ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ማወቅ ምጣዱን ለመተው ሳይሆን በብልኃት ለመጠቀም ነው። የሸክላው ሙቀት እስኪያዝ የሚጠፋው ኃይል በእያንዳንዱ ጋገራ የሚደጋገም በመሆኑ፣ በሳምንት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ሁለት ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይቆጥባል። ከሥር ሙቀት የማያሳልፍ ነገር በሚገባ የተደረገበት ምጣድም፣ ርካሽ ሆኖ ሙቀቱን ለወለል ከሚሰጠው ምጣድ ይሻላል። ይህን የሚያውቅና የሚናገር ባለ ሱቅ ለገዢው እንጀራ የሚያበስል ዕቃ ብቻ አይሸጥም፤ ምክርም ይጨምራል።

ወደ ብርሃን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በውስጡ ክር ያለው የድሮው አምፑል ከሚወስደው ኃይል ከመቶ አምስት ያህሉን ብቻ ወደ ብርሃን ይለውጣል፤ ቀሪውን ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በእውነቱ ብርሃን የሚያወጣ ትንሽ ምድጃ ነው ማለት ይቻላል። ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፑል ግን ያንኑ ያህል ብርሃን ለመስጠት ከዚያ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ እጅ ያህሉን ኃይል ይወስዳል። ስድስት አምፑል የሚያበራ አንድ ሱቅ እንውሰድ። እያንዳንዱ ባለ ክር አምፑል 60 ዋት ቢሆንና በየቀኑ አምስት ሰዓት ቢበራ፣ በ30 ቀን 54 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በ8 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢተካ 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ ከ46 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። አምፑሉ ሲገዛ በብር የተገኘችው ትንሽ ቅናሽ በወራት ውስጥ በቆጣሪ ታልቃለች።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በማሸጊያው ላይ «15 ዋት» ተብሎ ተጽፎ፣ በመለኪያ ሲታይ ግማሹን የሚወስድና ግማሹን ብርሃን የሚሰጥ አምፑል በገበያ መገኘቱ አይቀርም። ገዢው በዋት ብዛት ብርሃን የገዛ እየመሰለው የገዛው ጽሑፍ ብቻ ይሆናል። ይህ በኩንታል ጆንያ ውስጥ 80 ኪሎ አስገብቶ ከመሸጥ በምን ይለያል? የእህል ነጋዴ ቢያደርገው የሚያፍርበትን ነገር የአምፑል ነጋዴ ሳያውቅ ሊያደርገው አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእንቅስቃሴ ጉዳይ ነው፤ የባሌ ሀብት እህል ስለ ሆነ፣ እህልም ወፍጮ ስለሚፈልግ ነው። ደኅና የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚወስደው ኃይል ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነውን ወደ መሽከርከር ይለውጣል። የናፍጣ ሞተር ግን ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶውን ያህል ነው፤ የተረፈው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይወጣል። ስለዚህ ኤሌክትሪክን ለሙቀት መጠቀም ውድ ሲሆን፣ ለእንቅስቃሴ መጠቀም ግን ከሁሉ የሚያዋጣው ነው። የአንድ ከተማ ነጋዴዎች መስመሩ የሚችለው የተወሰነ መሆኑን ካወቁ፣ በቀን ሥራ ሰዓት ቅድሚያ ለወፍጮና ለመሰንጠቂያ ሞተር ቢሰጡ፣ ውኃ ማሞቅንም ወደ ሌላ ሰዓት ቢያሳልፉ፣ ሁሉም ይጠቀማል።

ሞተር የሚገዛ ሰው በጎኑ ላይ ያለውን ሰሌዳ ማንበብ አለበት። አንድ የፈረስ ጕልበት 746 ዋት ነው፤ ስለዚህ 10 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር በመዘውሩ 7.46 ኪሎዋት ይሰጣል። ከመስመሩ የሚወስደው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ራሱም ይሞቃል። ቮልት ሲወርድ ደግሞ ምጣድና ሞተር የሚያሳዩት ጠባይ የተለያየ ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ፣ ምጣድ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፤ እንጀራው ይዘገያል እንጂ ምጣዱ አይጎዳም። ሸክም የያዘ ሞተር ግን ሥራውን ላለመተው ብሎ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፤ ይግላል፤ ጥቅሉም ይቃጠላል። በዚህ የተነሣ የወፍጮ ሞተር የሚሸጥ ነጋዴ ከሸክም በላይ ሲሆን የሚያጠፋውን መከላከያ አብሮ ካልሸጠ፣ ግማሽ ዕቃ እንደ ሸጠ ይቈጠራል።

የሽቦም ነገር እንዲሁ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለአምፑል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህ ሁሉ ከረንት ቢያልፍ፣ ከዚህ በላይ እንደ ተባለው ከረንቱ በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ በአራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ሽቦው ራሱ ምድጃ ይሆናል። በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ይህ የገንዘብ ኪሣራ ብቻ አይደለም፤ የእሳት አደጋ ነው። ውፍረቱ ያልተጻፈበትን ሽቦ በርካሽ የሚሸጥ ሰው፣ ለደንበኛው ምን እንደ ሸጠለት የሚያውቀው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በኬሚካል መልክ ኃይልን የሚያኖረው ባትሪ በአስመጪዎች ዘንድ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ የአስመጪው ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ለደጋ አገር ይህ መኪና ልዩ ጠባይ አለው። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ጎባ የሚወርድ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና፣ በቁልቁለቱ የሚለቀው የከፍታ ኃይል ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። የነዳጅ መኪና ይህን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሲወርድ ሞተሩን ወደ ጄኔሬተርነት ይለውጠውና፣ ከዚያ ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። መልካ ዋከና በውኃ የሚያደርገውን መኪናው በራሱ ክብደት ያደርገዋል ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ባትሪ በብርድ ይደክማል፤ የባሌ ደጋም ብርዳም ነው። አስመጪው መልካሙን ብቻ ተናግሮ ይህን ከደበቀ፣ ሚዛኑ በአንድ ወገን ያጋደለ ይሆናል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። አንዳንዱ ነጋዴ፣ «ገዢው የሚጠይቀው ዋጋውን ነው እንጂ ዋቱን አይደለም» ይላል። እውነት ነው፤ ዛሬ አይጠይቅም። ነገር ግን ገዢው የማይጠይቀው የሚመልስለት ስላጣ ነው። አንድ ጊዜ የቆጣሪውን ሒሳብ የተረዳ ደንበኛ ወደዚያው ወደ አስረዳው ሱቅ ይመለሳል። ሌላውም፣ «መብራቱ በየጊዜው እየጠፋ ስለ ዋት ማውራት ምን ይጠቅማል?» ይላል። ይህም ቅሬታ ተገቢ ነው፤ የመስመሩን መጠናከር የሚመለከተው ክፍል ሊያስብበት ይገባል። ሆኖም የማይረባ ዕቃ በበዛ ቁጥር የመስመሩ ሸክም ይበዛል፤ ሸክሙ በበዛ ቁጥርም ፊውዝና ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያለው ሚዛን ለመብራቱ መቆየትም ይረዳል። ሦስተኛውም፣ «እኔ ትንሽ ባለ ሱቅ ነኝ፤ መሐንዲስ አይደለሁም» ይላል። የሚጠየቀው ግን የመሐንዲስ ዕውቀት አይደለም። ዋቱን በሰዓት ማባዛትና በ1,000 ማካፈል የዱቤ መዝገብ ከመያዝ አይከብድም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ አስመጪው ለውጭ ፋብሪካ ትእዛዝ ሲጽፍ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚወስደው ዋት፣ የሚሠራበት ቮልትና በኢትዮጵያ መስመር ላይ ያለው 50 ኸርትዝ በማይጠፋ ጽሑፍ እንዲቀረጽ በውሉ ያስገባ። ይህ ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም፤ ካልተጠየቀ ግን ፋብሪካው በራሱ ፈቃድ አያደርገውም።

ሁለተኛ፣ ባለ ሱቁ በሚሸጠው በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈች አንዲት ትንሽ ወረቀት ይለጥፍ። በወረቀቷም ላይ፣ ይህ ዕቃ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎዋት ሰዓት ይበላል የሚል ብቻ ይጻፍባት። ዋጋው በተጻፈበት አጠገብ ሁለተኛው ዋጋም ይታይ።

ሦስተኛ፣ የንግድ ምክር ቤቱ በሮቤና በጎባ አንዳንድ የዋት መለኪያ ይግዛ። በሶኬትና በዕቃው መካከል የሚሰካ ይህ መሣሪያ ከአንድ የእህል ሚዛን አይከብድም። ማንም ገዢ የገዛውን አምፑል ወይም ምጣድ ይዞ መጥቶ፣ በነጻ እንዲለካለት ይፈቀድለት። የገበያው ሚዛን በአደባባይ እንደሚቆም ሁሉ ይህም በአደባባይ ይቁም። እውነተኛ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ መለኪያ የሚፈራው ነገር አይኖርም፤ እንዲያውም ርካሽና ሐሰተኛ ዕቃ በሚያመጣው ተወዳዳሪው ፊት ምስክር ይሆነዋል።

ከባሌ ተራራ የወረደው ውኃ በመልካ ዋከና ኤሌክትሪክ ሆኖ፣ በሽቦ ተጕዞ፣ ወደ ብርሃንና ወደ እንጀራ እስኪለወጥ ድረስ በየደረጃው ተለክቷል። ከግድቡ የወጣውን መሐንዲሱ ለክቶታል፤ ወደ ከተማው የገባውን የማከፋፈያው መሣሪያ ለክቶታል፤ በቤቱ በር ላይ ያለውንም ቆጣሪው ለክቶታል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ያለ መለኪያ የቀረው አንድ ቦታ ቢኖር የሱቁ ባንኮኒ ነው። ያም ቦታ የነጋዴው ነው።

አባቶች፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብለዋል። በወሩ መጨረሻ ደረሰኙን ይዞ ማልቀስ ድስት ጥዶ እንደ ማልቀስ ነው፤ የመመጠኛው ጊዜ ግን ዕቃው ከመደርደሪያው በወረደበት ሰዓት ነበር። እኒያ እናት በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሰው፣ «ልጄ፣ ይህ ስንት ይበላል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ባለ ሱቁ በቆጣሪው ሳያመካኝ፣ «እማማ፣ በሰዓት ሦስት ኪሎዋት ተኩል፤ ያኛው ግን ትንሽ ውድ ቢሆንም ሙቀቱን ይይዛል» ብሎ ለመመለስ ይብቃ። ያን ቀን ኤሌክትሪክም እንደ ስንዴው በሚዛን ተሸጠ ይባላል።